ሽቦ የታሰረበት ደመራ

እቴነሽን ክፉ ናት የሚል ሰው ካለ ጋፋትን አያውቅም፤ እሷንም አያውቅም። እንዲያውም ደግ ነበረች። ብቻ ጣሊያን ደብረ ታቦር ከገባ ወዲህ ደጉም ክፉውም እኩል ጎረቤቱን መጠርጠር ጀምሮ ነበር። «ጠርጥር፣ ገንፎ ውስጥ አለ ስንጥር» ይባል የለ? በዚያ ዘመን ገንፎው ጠፍቶ ስንጥሩ ብቻ ቀርቶ ነበር።

ባሏ እሸቴ እንደዘመተ ቀረ። አንድ ልጇ ማሩ የአባቱን ጠመንጃ አንግቶ ጉና ሥር ካሉት አርበኞች ጋር ዱር ቤቴ ካለ ሁለት ዓመት አልፎታል። ጠዋት ከቤት ስትወጣ መጀመሪያ የምታየው ጉናን ነው። ተራራው ደመና ሲለብስ ደስ ይላታል፤ ደመና ካለ አውሮፕላን አይመጣማ። ሰማዩ ጥርት ያለ ቀን ግን እህል አይወርድላትም። ቅዳሜ ቅዳሜ እንቁላሏን ይዛ ከተማ ትወጣለች፤ የጣሊያን ምሽግ ወጥ ቤት በጨው ይለውጥላታል። ጨው ከዚያ ሌላ የትም የለም፣ ምን ታድርግ?

ዋርሳዋ አያሌው፣ የባሏ ታናሽ ወንድም፣ ከአዲስ አበባ የመጣው በሚያዝያ ነው። ከጦርነቱ በፊት ነፋስ ስልክ ይሠራ ነበር፤ ሽቦ ከአገር አገር ሳይዘረጋ በአየር ላይ ወሬ የሚያመላልሱበት ቤት። በበቅሎ አንድ ሣጥን ጭኖ መጣና ማሩ ትቶት በሄደው ጎጆ አስገብቶ ቆለፈበት። የወንድሙ ቤት መጥቶ በር የሚቆልፍ ሰው! እቴነሽ ይህን አልረሳችም።

በሳምንቱ ከአጥሩ ጥግ ካሉት ባሕር ዛፎች ረጅሙን መርጦ ጣለ፤ መለመለው፣ ላጠው፣ ጥልቅ ጉድጓድ ቆፈረ።

«እታለም፣ ብርሌ አለሽ?» አላት።

ጠጅ አገኘ ብላ ደስ አላት። የሠርጓን ሦስት ብርሌዎች አወጣችለት። በማግስቱ ሁለቱ አንገታቸው ተቆርጦ ገላቸው አመድ ላይ ተጥሎ አገኘች። አንደኛው አንገት ከግንዱ ጫፍ፣ ሁለተኛው ከጎጆው ጉልላት ታስሯል፤ በሁለቱ መካከል ቀይ ሽቦ ተወጥሯል። ግንዱ ከቤቱ ሦስት እጥፍ ይረዝማል።

«የሠርጌን ብርሌ! አንተ ሰው፣ ምን ነካህ?»

«ሽቦው እንጨቱን ከነካ አይሠራም።»

«ምኑ ነው የሚሠራው?»

አያሌው ሽቦውን ቀና ብሎ አየ። «ልብስ ማስጫው» አላት።

እንግዲህ ፍረዱ! ልብስ ማስጫ! ጋፋት ውስጥ ሰው ልብሱን አጥር ላይ ያሰጣል፤ ቢበዛ ሣር ላይ። «ታዲያ ልብሱን የሚያወጣልህ ዝንጀሮ ቀጥረሃል?» አለችው። እሱ ሳቀ። እሷ አልሳቀችም።

ደግሞ ሌላ ሽቦ ከጎጆው ወጥቶ መሬት ገብቷል። ጠዋት ጠዋት በቅል ውኃ እየያዘ ያንን ቦታ ያጠጣል። ምን ተክለህ ነው ስትለው ጌሾ ነው አላት። ሰኔ ገባ፣ ሐምሌ ገባ፤ ዝናብ ድንጋዩን ሳይቀር ሊያበቅል ደረሰ፤ የአያሌው ጌሾ አንዲት ቅጠል አላወጣም።

ከሁሉ የባሰው ጭሱ ነው። ከጎጆው ጀርባ አንድ የንብ ቀፎ ሰቅሏል። አንዳንድ ጠዋት እርጥብ የባሕር ዛፍ ቅጠልና እበት ከምሮ ያጨሳል፤ ጭሱ ቀጥ ብሎ ሰማይ ይወጣል። «ለንቦቹ ነው» ይላል። መጀመሪያ ያጨሰ ቀን፣ ፀሐይ ፈንጠቅ እንዳለች አውሮፕላን መጥቶ በላያቸው አልፎ ጉና ሥር ቦምብ ጣለ። በሁለተኛውም እንዲሁ። በሦስተኛው ጊዜ እቴነሽ ጭሱን ስታይ ደጃፉ ላይ ተቀምጣ ጠበቀች። አልቀረም። መጣ።

ሦስቱንም ጊዜ ቦምቡ የወደቀው ባዶ ዋሻ ላይ ነው፤ አርበኞቹ ልጆች ቀደም ብለው ወጥተው ነበር አሉ። እቴነሽ ይህን ስትሰማ ለጊዮርጊስ ጧፍ ተሳለች። «ሰማዕቱ ነው ያወጣልኝ። ያ ከሃዲ ይጠራል፣ ጊዮርጊስ ይመልሳል» አለች ለጎረቤቷ ለውብዓለም።

ውብዓለም ደግሞ ነገር ከተሰጣት አጥብቃ የምትይዝ ሴት ናት። «ነግሬሻለሁ እኮ! ያ ግንድ ለደግ አይደለም። ባንዳ ካልሆነ ምላሴን ቁረጪው» አለቻት።

ቅዳሜ ዕለት አያሌው አንድ ከባድ ነገር በአቁማዳ ጠቅልሎ «ማር ልሸጥ ነው» ብሎ ወጣ። ማር! ቀፎው ገና አልተቆረጠም። እቴነሽ እንቁላሏን ይዛ በሩቁ ተከተለችው። ገበያውን አልፎ ሄደ። ወደ ጣሊያን መኪና መጠገኛ ዞረ፣ ዘቡን እጅ ነሳ፣ ገባ። ማታ ያንኑ አቁማዳ፣ ያንኑ ክብደት ተሸክሞ ተመለሰ። ማር አልተሸጠም። ከዚያ ቀን ወዲህ በእቴነሽ ልብ ነገሩ አለቀ፤ የእሸቴ ወንድም የእሸቴን ልጅ ሸጧል። ትነግርበት እንዳይሆን ለማን? ለአርበኞቹ ብትልክ ይገድሉታል፤ የባሏ ደም ነው። ዝም ብትል ልጇ ያልቃል። ሌሊቱን ስትገላበጥ ታነጋለች።

መስከረም ጠባ፤ ጣሊያን ከገባ ሦስተኛው መስከረም። የመስቀል ዋዜማ ውብዓለም አጥር ላይ ተደግፋ፣ «አያሌው፣ ለደመራችሁ ሌላ እንጨት ምን ያደርግላችኋል? ግንዱ ቆሞላችሁ!» ብላ ቀለደች።

ይቆጣል ሲባል አልተቆጣም። «እውነትሽን ነው፣ እሱው ይሁን» አለ። ቶሎ አለ፤ እቴነሽ ይህንንም ያዘች። ሲመሽ ግንዱ ዙሪያ ጭራሮ አቆመበት፣ አደይ አበባ አሰረበት። ከዚያ ጎጆው ገብቶ ዘጋ። ሲወጣ ፊቱ አመድ መስሏል።

«እታለም፣ ነገ በማለዳ ቤተ ክርስቲያን እሄዳለሁ፤ ከቀረሁ የሰው ዓይን ይበዛብኛል። እኔ ሳልመለስ ደመራችን እንዳይለኮስ። ማንም ቢልሽ፣ አገሩ ሁሉ ቢለኩስ! ሰማሽኝ?»

«የመስቀል ደመራ ሳይለኮስ? ይህ ቤት ሬሳ የወጣበት ነው ወይ?»

«በእሸቴ አጥንት ይዤሻለሁ።»

በእሸቴ አጥንት! ይህን ሲላት ነው የቀረው ጥርጣሬዋም ያለቀው። ያልነደደ ደመራ ለምን ይፈልጋል? አውሮፕላኑ ከላይ ሆኖ የወዳጁን ቤት እንዲለይ ነዋ! ሁሉ ሲጨስ ይህች ግቢ ንጹሕ ሆና እንድትታይ ነዋ! ነገ ደግሞ መስቀል ነው፤ ልጆቹ ጉና ሥር ደመራቸውን ከበው በአንድ ቦታ የሚቆሙበት ቀን። እቴነሽ ነገሩን ሁሉ አየችው፤ ያየች መሰላት።

መስከረም አሥራ ሰባት ጎሕ ሲቀድ፣ በአገሩ ልማድ ደመራ በሚለኮስበት ሰዓት፣ ሰማዩ እንደ ታጠበ ሳህን ጥርት ብሏል። በየደጁ ችቦ ተለኮሰ፤ እዮሃው ከግቢ ግቢ ተቀባበለ፤ ከጋፋት እስከ ጉና ሥር ጭሱ ተነሣ። እቴነሽ ችቦዋን አቀጣጥላ ወጣች። ግንዱን ሦስት ጊዜ ዞረችው። «ጊዮርጊስ፣ ልጄን አደራ!» አለችና ለኮሰችው።

የደረቀው ጭራሮ ወዲያው ያዘ። እሳቱ ግንዱን ተከትሎ ሽቅብ ወጣ፤ ጫፉ ላይ ያለው ገመድ ተበጠሰ፤ ሽቦው ተምዘግዝጎ መሬት ወደቀ፤ የብርሌው አንገት ድንጋይ ላይ አርፎ ደቀቀ። እፎይ አለች። ከሚያዝያ ወዲህ እንዲያ ተንፍሳ አታውቅም። ውብዓለምና ሌሎች ጎረቤቶችም ችቧቸውን ይዘው መጥተው ደመራውን ከበቡ።

አያሌው እየሮጠ መጣ። ነጠላው ከትከሻው ወድቋል፣ አላነሳውም።

«ማን ለኮሰው?»

«እኔ ነኝ! ከእንግዲህ አውሮፕላኑን በምን እንደምትጠራው አያለሁ!»

ክንዷን ይዞ ከሰው ለይቶ ወደ ጎጆው ጥግ ወሰዳት። መጮህ ነበረበት፣ አልጮኸም። በዝግታ ነው የተናገረው፤ ዝግታው ነው ያስፈራት።

«ሣጥኑ አይጠራም፣ እታለም። ይሰማል እንጂ አይናገርም። ማታ ማታ የጎንደር አውሮፕላን ማረፊያ ምሽጉን ያናግራል፤ እኔ እሰማለሁ። ጉና ላይ ደመና አለ ወይ ብሎ በጠየቀ ማግስት አውሮፕላኑ ይመጣል። ያን ቀን አጨሳለሁ። ከበላያችን ጉብታው ላይ የነማሩ ዘብ አለ፤ ጭሴን ሲያይ መለከት ይነፋል፣ ዋሻውን ለቀው ይበተናሉ።»

ሦስቱ ባዶ ዋሻዎች አንድ በአንድ መጡባት።

«ትናንትም ጠየቀ» አለ አያሌው። «ዛሬ ግን አገሩ ሁሉ ይጨሳል። ስለዚህ ከዘቡ ጋር የተማማልነው፣ ሁሉ ደመራ ሲጨስ የእኛ ካልጨሰ ሽሹ ማለት ነው ብለን ነው። አሁን ሮጬም ጉብታው አልደርስ።»

«ታዲያ ለምን አልነገርከኝም? ልጄ አይደለም ወይ!»

«እንቁላሉን ለማን ነው የምትሸጪው፣ እታለም?»

ሁለቱም ስድስት ወር ሙሉ በአንድ ግቢ፣ ከአንድ ጉድጓድ ውኃ እየጠጡ ሲጠራጠሩ ኖረዋል፤ ሁለቱም ለአንድ ልጅ ብለው።

እንስራዋን አንሥታ ወደ እሳቱ ሮጠች። ውኃውን ደፋችበት፤ ደመራው አልጠፋም፣ ጭሱ ብቻ በእጥፍ ወፍሮ ወጣ። «ኧረ በስመ አብ! ደመራ ይጠፋል ወይ? ያዟት!» አለች ውብዓለም። ሦስት ሴቶች ያዟት። እሷ ስትታገል ግንዱ ተሰነጠቀና ተንጋደደ፤ ጥቂት ቆሞ ወደ ጉና ወደቀ።

«ወደ ጉና ነው! ዘንድሮ ጥጋብ ነው!» አለ አንዱ፤ ሴቶቹ እልል አሉ። እልልታው ሳያባራ የአውሮፕላኑ ድምፅ ከጎንደር በኩል ተሰማ።

ማሩን በማግስቱ በቃሬዛ አወረዱት። ከሱ ጋር አራት ጓደኞቹን። ዘቡ ዓይኑን ጥሎ አይቶ ነበር አሉ ያወረዱት፣ ለአያሌው በጆሮው፤ የእቴነሽ ግቢ ሲጨስ አይቶ፣ «ዛሬ ሰላም ነው፣ ደመራችሁን ለኩሱ» ብሏቸዋል። ለቀስተኛው «በመስቀል ቀን! በደመራው ቀን!» እያለ ደረቱን ይመታል። እቴነሽ መሬት ላይ ተቀምጣ ትሰማለች። የፈሩት ይደርሳል ይባላል፤ እሷ ግን የፈራችውን በገዛ እጇ ጠርታዋለች። ከመንደሩ ይህን የሚያውቅ አያሌው ብቻ ነው፤ እሱም ለማንም አልተናገረም።

በሰልስቱ አያሌው ሣጥኑን በጠፍር ሲያስር ደረሰችበት።

«ወዴት ነው?»

«ምን ልሠራ ልቀመጥ? በምን ዓይኔ ልይሽ?»

«እዚያ ላይ ገና የሰው ልጆች አሉ» አለችው። «ፍታው።»

መጥረቢያውን ይዛ ወደ ባሕር ዛፎቹ ወረደች። አያሌው አዲሱን ግንድ ሲተክል እሷ እግሩን በሁለት እጇ ደግፋ ያዘች፤ ድንጋዩንም ራሷ ጠቀጠቀችው። ውብዓለም በአጥር ላይ ሆና ተክለው እስኪጨርሱ ቆማ አየቻቸው። የእሷ ነገር ደግሞ ሌላ ፍርሃት ነው፤ ከእንግዲህ የምትጠረጥረው ሁለቱንም ነው።

ቅዳሜ ዕለት አያሌው አቁማዳውን ሲያነሣ እቴነሽ ከእጁ ተቀበለችው። ውስጡ ያለው የመኪና ባትሪ ነው፤ ሣጥኑ ያለ እሱ፣ መሬት የገባው ሽቦም እርጥበት ካላገኘ፣ አይሰማም፤ መኪና መጠገኛው ውስጥ አንድ ያገር ሰው በስውር ኃይል ይሞላለታል። ባትሪውን በትልቁ እንቅብ ውስጥ ከሥሩ አስቀመጠች፤ ገለባ ጎዘጎዘችበት፤ ከላዩ እንቁላሉን ደረደረች። የምሽጉ ዘብ ያውቃታል፣ እንቁላል ሻጯን አይፈትሽም።

ከመውጣቷ በፊት ግን ወደ ቤት ተመልሳ የቀረችውን አንዲት ብርሌ አወጣች። ደጃፉ ድንጋይ ላይ ሰበረቻት። አንገቷን አንሥታ በነጠላዋ ጫፍ ጠረገችና ለአያሌው ሰጠችው።