ለጫካው ጎጆ ምንም አልቀረም

ልብስ ሰፊዋን ዕቃ የመሸከፍ አባዜ የያዛት ታላቅ ወንድሟ ጫካ ሊገባ መሆኑን በነገራት ማግስት ነው። የጣውላ ፋብሪካው ዘበኛ ፈልጎ ነበር፤ ጫካው መሃል ባለችው የሳንቃ ጎጆ እየኖረ የተቆረጠውን ግንድ የሚጠብቅ። ወንድም ጋሼ ማንንም ሳያማክር ሄዶ ተመዘገበ። ስልሳ አንድ ዓመቱ ነው፣ ጉልበቱን ያመዋል፣ ብርድ ከቶ አይስማማውም። "አየሩ ጥሩ ነው አሉኝ" አለ። ሌላ ምክንያት አልሰጠም።

ምክንያቱን እሷ ታውቀዋለች። ሚስቱ ከሞተችበት ጊዜ ጀምሮ የሚኖረው እሷ ቤት ነው። ቤት ሲባል ደግሞ ሁለት ክፍል ነው። በአንዱ እሷ፣ ባሏና ሁለት ሴት ልጆቿ ያድራሉ፤ በሌላው የስፌት መኪናዋና የጨርቅ መቁረጫ ጠረጴዛዋ አሉ። ወንድሟ ከጠረጴዛው ስር ይተኛል፤ ደንበኛ ከመምጣቱ በፊት ይወጣል። እንዲህ ሆኖ ዓመት ከአራት ወር አለፈ። አንድ ጠዋት አንድ የሙሽራ ቀሚስ ጫፉ ላይ የወንድሟ ጫማ ጭቃ ተገኘበትና ለባሏ፣ "እስከ መቼ ነው የምሸከመው? እኔስ ሰው አይደለሁም?" አለች። ድምፅዋን ዝቅ ማድረግ የሚባል ነገር አታውቅም። ዞር ስትል ወንድሟ ዳቦ ይዞ በሩ ላይ ቆሟል። ዳቦውን ጠረጴዛው ላይ አኖረና፣ "ትኩስ ነው፤ ሳይቀዘቅዝ ብሉ" ብሎ ወጣ። ስለዚያ ነገር ከዚያ ወዲያ ሁለቱም ትንፍሽ አላሉም።

እናታቸው ስትሞት አዝሎ ያሳደጋት እሱ ነው። ይህንንም ታውቃለች። ግን ይቅርታን ከዚህች ሴት አፍ ማውጣት ጥርስ ከመንቀል ይብሳል። ስለዚህ በይቅርታው ፈንታ ዕቃ ሰበሰበች። ድርብ ብርድ ልብስ፣ ፋኖስና ላምባ፣ ባትሪ ከነመለዋወጫ ድንጋዩ፣ ሁለት ጀሪካን፣ ማንቆርቆሪያ፣ ክዳኑ ልክክ የሚል ድስት፣ መጥረቢያ፣ ገመድ፣ ውሃ የማያስገባ ቦቲ ጫማ፣ ፋሻ፣ የጉልበት ቅባት፣ ሌላው ቀርቶ የአይጥ ወጥመድ። ክብሪቱን እርጥበት እንዳያገኘው በላስቲክ ጠቅልላ ጣሳ ውስጥ ከተተችው። ጭስ ዓይኑን ያስለቅሰዋል ብላ ሁለት ጆንያ ከሰል ጨመረች። ለምድጃው ደግሞ የሰፈሩን በያጅ አስቀድማ ልካዋለች፤ ሰውዬው ከአሮጌ በርሜል ምድጃ ሠርቶ፣ ቱቦውን በጣሪያው አውጥቶ ገጥሞላት ተመልሷል።

"ወንድምሽን ጎጆ ልታወጪው ነው እንዴ?" ብሎ ባሏ ቀለደ። አልሳቀችም።

በመሄጃው ቀን በፋብሪካው መኪና አብራው ሄደች። ሹፌሩን ሰዉ ሁሉ "ጥድፊያ" ይለዋል፤ ከተወለደ ጀምሮ ለምንም ነገር ተቻኩሎ ስለማያውቅ ነው። ከሁለት ሰዓት መንገድ በኋላ ደረሱ። ወንድሟ ጀሪካኑን ይዞ ወደ ወንዙ ሲወርድ እሷ ቤቱን ተያያዘችው። የሳንቃውን ስንጥቅ ሁሉ በቁርጥራጭ ጨርቅ ወተፈች፤ የመስኮቱን ዙሪያ አሸገች፤ ሰፍታ ያመጣችውን አሸዋ የሞላ ረጅም ከረጢት በበሩ ስር አጋደመች። ከምድጃው ኋላ፣ ወለሉ አጠገብ፣ ቡጢ የሚያክሉ ሁለት ቀዳዳዎች አገኘች። ብርዱ በነሱ በኩል ይጋረፋል። "ይሄ በያጅ ለብ ለብ አድርጎ ነው የሄደው!" ብላ ተናደደች። ሱፍ ጠቅጥቃ በላዩ ቆዳ አድርጋ በምስማር መታችው። ስፌቷ እንደማይተረተር ሁሉ ይሄም የሚነቃነቅ አልነበረም።

ስትለየው መኪናው ድረስ ሸኛት።

"የምትነግሪኝ ነገር አለ?" አላት።

ነበራት። "ክብሪቱ ጣሳው ውስጥ ነው" አለች። "ማታ ማታ ከሰሉን አቀጣጥለህ በሩን ጥርቅም አድርገህ ዝጋ።"

"እሺ፣ እህትዬ" አለ።

ከተማ ስትደርስ ጊዜው አሥር ሰዓት ተኩል ነበር። ጥድፊያ ነዳጅ ሊቀዳ ሲሄድ እሷ በቀጥታ ወደ በያጁ አመራች፤ ንዴቷ አልበረደላትም።

"አንተ፣ ሁለት ቀዳዳ ከፍተህ ትሄዳለህ? ወንድሜን በብርድ ልትገድለው ነው?"

በያጁ መነጽሩን ወደ ግንባሩ ገፋ። "የትኛውን? ከምድጃው ኋላ ያለውን?"

"እሱን! ደፍኜልሃለሁ።"

ሰውዬው የያዘውን ብረት አስቀመጠ። "እትዬ፣ እሱን አስቤ ነው የበሳሁት። አየር የሚገባበት ነው። አየር ካልገባ ቱቦው አይስብም፣ የእሳቱ መርዝ ሁሉ እዚያው ቤት ውስጥ ይቀራል። ሌላ ክፍት ቦታ አለው ቤቱ?"

"የለውም" አለች። በሥራዋ ስትመካ የኖረች ሴት፣ በዚያች ቀን ሥራዋን ጠላችው። "አንድም አልተውኩም።"

"የሚያነደው እንጨት ነው ከሰል?"

"ከሰል።"

በያጁ ፊቱ ተለዋወጠ። "ሳይመሽ ድረሺበት" አለ። "ቢተኛ አይነቃም።"

ክው አለች። እዚያ ጫካ ስልክ አይሠራም። ወደ ነዳጅ ማደያው ስትሮጥ አንድ ጫማዋ ወልቆ ቀረ፤ አልተመለሰችለትም። ጥድፊያ ነገሩን ሰምቶ አንድም ጥያቄ አልጠየቀም። ለመጀመሪያ ጊዜ መኪናዋን እንደ ሰው ነዳት። ለሷ ግን አሁንም የቆመች ይመስላታል። ፀሐይዋ ዛፎቹ ጫፍ ላይ ስታዘቀዝቅ እያየች፣ "ብርድ አይችልም፣ ቶሎ ለኩሶታል፣ በሩን ጥርቅም አድርገህ ዝጋ ያልኩት እኔ ነኝ" ትላለች። ጥድፊያ፣ "ተይ፣ እንደርሳለን" ይላታል። "በእጄ ገደልኩት" ትላለች። እንዲህ እያለች ጨለምለም ሲል ደረሱ።

በሩ ዝግ ነው። ከቱቦው ምንም አይወጣም፤ ከሰል ደግሞ ጭስ የለውምና ይህ ምንም አይነግራትም። መኪናዋ ሳትቆም ዘላ ወረደች። በሩን ለመምታት እጇን ስታነሳ በሩ ከውስጥ ተከፈተ።

ወንድሟ ቆሟል። ካፖርቱን እስከ አንገቱ ቆልፏል፤ በእጁ ሻንጣውን ይዟል።

ተጠመጠመችበት። እንደ ሕፃን አለቀሰች፤ ፊቱን ዳበሰችው፣ ደረቱን ዳበሰችው።

"በቃ በቃ" አላት፣ የሷ ለቅሶ እሱንም እያስለቀሰው። "መኪናውን ስሰማ ነው ሻንጣዬን ያነሳሁት። አውቄ ነበር። እሷ እንዲህ ጥላኝ አትሄድም፣ ማምሻው ላይ መጥታ ትወስደኛለች ብዬ ምድጃውንም አልለኮስኩት። ከሰሉ ለምን በከንቱ ይለቅ?"

ልብስ ሰፊዋ እጇ ደረቱ ላይ እንዳለ ደረቀ። ያተረፈው ይህ ነው፤ እሷን ማመኑ። ሁለቱ ክፍል ታያት። ልጆቿ፣ ጠረጴዛው፣ ነገ ጠዋት የሚመጡት ደንበኞች ታዩዋት። "አዎ፣ ልወስድህ ነው የመጣሁት" ብትል የምታጣው ይህን ያህል ነበር፤ ደግሞም ትችል ነበር። ግን ቀድሞ ከአፏ የወጣው ሌላ ሆነ።

"ቀዳዳውን... ከምድጃው ኋላ ያለውን ቀዳዳ ደፍኜው ነበር። ለካ አየር የሚገባበት ነው። ብትለኩሰው ኖሮ ታፍነህ... በያጁ ነው የነገረኝ።"

ወንድሟ ለጥቂት ጊዜ አያት። ፊቷ ላይ የቀረ ነገር ይኖር እንደሆነ የሚፈልግ ይመስላል።

"እ፣ ለቀዳዳው ነው" አለ።

ሻንጣውን በሩ ጥግ አስቀመጠና ወደ ውስጥ ገባ። "ነይ፣ የቱ ጋ እንደሆነ አሳዪኝ። ሹፌሩ እንዳይመሽበት።"

አሳየችው። በሚያመው ጉልበቱ እያቃሰተ ተንበረከከ፤ ምስማሮቹን አንድ በአንድ እየነቀለ በመዳፏ ላይ ያስቀምጥላት ጀመር። ሱፉ ሲወጣ ብርዱ ዘው ብሎ ገባ። "ይኸው፣ አሁን ይተነፍሳል" አለና ተነስቶ ክብሪት ከጣሳው አወጣ። ከሰሉን ሲያቀጣጥል፣ ሲያራግብ፣ እሳቱ ሲግል፣ ግንባሩ ላብ ሲያወጣ ቆማ አየችው።

ካፖርቱን ግን አላወለቀም። አንዱንም ቁልፍ አልፈታም። አየች፤ አየችና፣ "እንግዲህ ደህና እደር" አለችው።