ለሁለተኛው ዓይን ለምን ይቀራሉ?

የዓይን ሐኪሟ ለዓመታት ለሌሎች ሰዎች ጥናት ስትለፋ ኖራለች። ከባሕር ማዶ የሚመጡት ተመራማሪዎች ጥያቄውን ጽፈው ያመጡላታል፤ እሷ በሽተኛውን መርምራ መልሱን ትልክላቸዋለች። ከዚያ በኋላ ነገሩን ውሃ ይበላዋል። አልፎ አልፎ ጥናቱ ታትሞ ስታየው፣ ስሟን ከመጨረሻው ምስጋና ውስጥ በደቃቅ ፊደል ተወሽቆ ታገኘዋለች። ያም ሆኖ አትቀየምም። “ምን ላድርግ፣ የተማርኩት ዓይን እንጂ ቁጥር አይደል” ትል ነበር።

ይህን የለወጡት ድሮ ሕክምና ያስተማሯት መምህር ናቸው። ጡረታ ወጥተው ቤት መዋል ሲያንገሸግሻቸው፣ ሐሙስ ሐሙስ ሆስፒታሉ እየመጡ ጥናት እንዴት እንደሚሠራ ሊያስተምሩ ተነሡ። ክፍል አልተገኘም፤ የተሰበሩ አልጋዎች የተከመሩበት መጋዘን ተጠርጎ ተሰጣቸው።

“ሥራችሁ ላይ እንቅልፍ የሚነሳችሁ ምንድን ነው?” ብለው ጀመሩ።

ሐኪሟን አፏ ቀደማት። “አንድ ዓይናቸውን ከሞራ ገላግለናቸው ብርሃን ያገኙ ሰዎች ለሁለተኛው ዓይን አይመለሱም። በነጻ ነው እያልናቸው ይቀራሉ።”

“ለምን?”

“መንገዱ ይርቃቸዋል መሰለኝ።”

“መሰለኝ ጥሩ መነሻ ነው” አሉ መምህሩ ፈገግ ብለው። “እንግዲህ ጠይቂያቸው። ጥያቄው ያንቺ ነው፤ መልሱንም ማንም አይወስድብሽም።”

ሐኪሟ ከሆስፒታሉ የስታቲስቲክስ ባለሙያ ጋር መጠይቅ አሰናዳች። ሰውየው ቁጥብ ነው፤ ባልደረቦቹ “ስሌት” ይሉታል። መንገድ መራቅ፣ አስታማሚ ማጣት፣ ሥራ መብዛት እያሉ ይሆናሉ ያሏቸውን መልሶች ሁሉ ደረደሩ። ከዚያ ለሙከራ ያህል መጠይቁን ይዛ አክስቷ ቤት ሄደች። እታለም የምትላት ይህች አክስቷ ያሳደገቻት ናት፤ ራሷም አንድ ዓይኗን ተሠርታ ለሁለተኛው ዛሬ ነገ ስትል ከርማለች። ሐኪሟ ስንፍና እየመሰላት ስንቴ ተቆጥታታለች።

እታለም በረንዳው ላይ ቁጭ ብላ የትራስ ልብስ ትጠቅማለች።

“መንገዱ ርቆሽ ነው?”

“ደጄ ላይ ያለ ሆስፒታል?”

“አስታማሚ አጥተሽ ነው?”

“አንቺ እያለሽ?”

“ሥራ በዝቶብሽ ነው?”

እታለም መርፌዋን ጨርቁ ላይ ሰካች። “ልጄ፣ የእኔ መልስ እዚያ ውስጥ የለም። አንድ ዓይን ያለው በአፈር አይጫወትም። ያችኛዋን ስትነካኩ ይህችኛዋ ብትሄድብኝስ? ያገኘኋትን ይዤ ልቀመጥ ብዬ ነው።”

“አንዱን ስንሠራ ሌላውን እኮ አንነካውም። አልነገርኩሽም?”

“መቼ?”

“ፋሻው የተፈታ ቀን።”

“የዚያን ቀን የልጅ ልጆቼን ፊት ትቼ አንቺን ልሰማ? መልአክ ቢናገርም አልሰማው።”

ሐኪሟ ሳቀች፤ ሳቋ ግን መንገድ ላይ ቀረ። ስንቱን ሰው በዚያው የደስታ ሰዓት፣ ጆሮው ሌላ ቦታ ሳለ መክራ እንደላከች ታሰባት።

ሐሙስ ሲደርስ የሆነውን ለመምህሩ ነገረቻቸው። “መጠይቁን ልጣለው?” አለች።

“ለምን ይጣላል? መጀመሪያ ሰዉ የልቡን ይናገር፤ የመልስ ምርጫው ከዚያ ይከተላል” አሏት መምህሩ።

“ወሬ ደግሞ እንዴት ይቆጠራል?” አለ ስሌት።

“እሱን እንማራለና!”

ተማሩም። ሐኪሟ ከአንዲት ነርስ ጋር ቤት ለቤት እየዞረች ታዳምጣለች፤ ስሌት የሚመሳሰለውን መልስ ከማይመሳሰለው ይለያል። ሐኪሟ መጀመሪያ ላይ ቁጥሩ ሲምታታባት ልትተወው ዳድቷት ነበር፤ እሱ ግን ሳይሰለች ደጋግሞ አስረዳት፤ እሷም በተራዋ ስለ ዓይን አስተማረችው። መንገድ የራቃቸው አልጠፉም፤ የሚበዙት ግን እንደ እታለም በእጃቸው ያለውን ላለማጣት የፈሩ ነበሩ።

ስለዚህ ምክሩን ለሌላ ቀን አደረጉት፤ ሰው ደስታውን ካጣጣመ በኋላ ለክትትል ሲመጣ ተረጋግተው ያነጋግሩት ጀመር። ተመላሹ ሲበዛ ሐኪሟ ልትፈነድቅ ደረሰች።

“ቀስ በይ” አሉ መምህሩ። “ዘንድሮ መንገዱም ተሠርቷል። በምን እንደጨመረ በምን ታውቂያለሽ?”

ከፍቷትም ቢሆን ነገሩን ከሥር ጀመረችው። ከዚያ ወዲያ በዕጣ ከፍለው ግማሹን ሰው በድሮው መንገድ፣ ግማሹን በአዲሱ መከሩ። አዲሱ በለጠ። አሁን መምህሩም ተነሥተው እጇን ጨበጧት።

ጥናቱን በባለሙያዎች ጉባኤ ላይ ያቀረበችው ራሷ ናት። እነዚያ የባሕር ማዶ ተመራማሪዎችም ከአዳራሹ ስትወጣ ጠብቀው፣ የሚቀጥለውን ሥራ ትረዳቸው እንደሆነ ጠየቋት።

“ደስ ይለኛል፤ ጥያቄውን ግን አብረን እንጽፈዋለን፤ ስሌቱም እዚሁ እኛ ዘንድ ይሠራል” አለቻቸው። ትንሽ ተያዩና ተስማሙ።

እታለም ሁለተኛ ዓይኗን የተሠራችው በዚያው ሰሞን ነው። ፋሻው ሲፈታ ሐኪሟን ትክ ብላ አየቻት።

“ሽበት አብቅለሻል” አለቻት።

“አውቃለሁ።”

“ያምርብሻል። ምን ነበር የምትነግሪኝ?”

“ዛሬ ምንም አልነግርሽም። ለክትትል ስትመጪ እናወራለን።”

ያን ዕለት ከሰዓት በኋላ ቤት ለቤት አብራት የዞረችው ነርስ የራሷን ጥያቄ ይዛ መጣች፦ ልጆች የተሰጣቸውን መነጽር ለምን አያደርጉትም? ስሌት ገና ሳትጨርስ ወንበር ሳበላት። ሁለቱ ሲከራከሩ፣ ሐኪሟ መስኮቱ አጠገብ ተቀምጣ ሻይዋን በእርጋታ ጠጣች።