የልብስ ሰፊው አውራ ጣት

የድሮ ሳንቲም ስገዛ ታሪኩን አልሰማም፤ ሁሉም ከአያቴ የወረስኩት ነው ይላል። እኔ የማየው ምን ያህል እንደተፋቀ ነው። መጀመሪያ የሚያልቀው ጎላ ብሎ የወጣው ነው፤ የተቀረጸው ሰው ጉንጭ፣ ከዚያ ፀጉሩ። ጆሮው ከታየ ግን ሳንቲሙ ገና ነፍስ አለው።

ጎረቤቴ ልብስ ሰፊው በሞተ ሰሞን ሚስቱ አንድ የድሮ ሳንቲም ይዛ መጣች። ሰውዬው በጨነቀው ቁጥር ኪሱ ውስጥ በአውራ ጣቱ የሚያሸው ሳንቲም ነው። ከመብራቱ ስር ዘንበል አድርጌ በአጉሊ መነጽር አየሁት። ፀጉሩ ጠፍቷል፣ ጆሮው አለ። መካከለኛ ነው አልኳት፤ እንደ ልማዴም ፎቶ አነሳሁት። ልትሸጠው አልጨከነችም፣ ይዛው ሄደች።

ከወራት በኋላ ተመልሳ መጣች። ጆሮው የለም። ፎቶውን አውጥቼ አስተያየሁት፤ ያው ሳንቲም ነው። ወልውለሽው ነው ብዬ ጮኽኩባት፤ በኛ ሥራ ሳንቲም ከመወልወል የባሰ ኃጢአት የለም። ግን የተወለወለ ሳንቲም ያብለጨልጫል፤ ይሄ የሰው እጅ ወዝ ነበረው። መሳቢያ ውስጥ ቆልፋበት፣ ቁልፉን አንገቷ ላይ አስራው እንደከረመች ነገረችኝ። ቤቱ ጸጥ ሲል ከመሳቢያው የሚፈተግ ነገር ይሰማታል።

“እዚያም ሄዶ ጭንቀቱ አልለቀቀውም ማለት ነው” አለች። “ግዛኝና ይረፍልኝ፣ ወንድሜ።”

እንዲህ ያለ ወሬ አይጥመኝም። አሳዘነችኝና ገዛሁት። በፕላስቲክ ማቀፊያ አሽጌ መስታወት ሣጥን ውስጥ አስቀመጥኩት። በሳምንቱ ማቀፊያው ላይ የጣት አሻራ አየሁ። በጨርቅ ብጠርገው አልጠፋ አለ፤ ከውስጥ በኩል ነው። ያን ቀን ፈራሁ፣ አልዋሽም። ፍትግታውን ደንበኞች እንዳይሰሙ ሬዲዮ ከፍቼ መዋል ጀመርኩ።

እሷ ግን ለሦስተኛ ጊዜ መጣች፤ ከስታለች፣ ዓይኗ ጎድጉዷል።

“መልስልኝ። ቤቱ ጭር አለብኝ።”

“ይረፍ ብለሽ አልነበር እንዴ?”

“እኔስ መቼ አረፍኩ?”

ብገላገለው ደስታዬ ነበር፤ ግን ገዢን ማታለል አልለመድኩም። ማቀፊያውን ከፍቼ አሳየኋት። ከተቀረጸው ሰው ምስል ጥላው ብቻ ቀርቷል። ስንት ጊዜ ይቆያል ብላ ጠየቀችኝ። ብዙ አይቆይም፣ ከዚያ በኋላ ልሙጥ ብረት ነው አልኳት።

ተቀብላኝ ገለበጠችው። ጀርባው ላይ የተጻፈው ፊደል ሁሉ ትናንት የተመታ ይመስላል፤ ጣት አልነካውም።

“ይኸው፣ ይሄኛው ገና ነው እኮ።”

“ታዲያ እስከዛሬ ለምን አልገለበጠውም?”

“እሱ?” አለች እንባዋን እየጠረገች። “ካልሲውን እንኳ ገልብጬ የምሰጠው እኔ ነበርኩ።”

አዲሱን ወገን ወደ ላይ አድርጋ መዳፏን ዘጋች። እጇ ውስጥ ፍትግታው ሲጀምር ሁለታችንም ሰማነው። እሷ ፈገግ አለች።