ከጥይቱ ኋላ የተገኘው

የሟች አባቷ የአደን ጠመንጃ ጥይት አልጎርስ ካለ ሰነበተ፤ ከሥሩ ያለውን እጀታ ወደ ታች ስባ ስትመልሰው፣ ጥይቱ መንገድ ላይ ይቀራል። ጠመንጃ ጠጋኙ ሽማግሌ ከአፈሙዙ ሥር ያለውን የጥይት ቱቦ ፈቱና ሳቃቸውን ለቀቁት።

«ጥይቱን ከኋላ የሚገፋው ሞላ ድሮ ተሰብሮ አጥሯል። ያ ጉደኛ አባትሽ በምን እንደቀጠለው እዪ!»

ከቱቦው ውስጥ የተሰነጠቀ ቀይ እርሳስ ጠረጴዛው ላይ ወደቀ፤ የልጅነት ጥርሶቿ ምልክት አልጠፋም። ሁለተኛ ክፍል ሳለች አባቷ «እርሳስሽን ጣልሽ? ነገ ደግሞ ራስሽን ጥለሽ ነይ!» ብሎ ጆሮዋን ቆንጥጧት ነበር። በማግስቱ ሳትጠይቀው ሁለት አዲስ ገዝቶ የሰጣት ለምን እንደሆነ ዛሬ ገባት።

ሽማግሌው አዲስ ሞላ ከተቱ፤ ጥይቱ እንደ ድሮው ገባ።

«ይሄንስ ልጣለው?» አሉ እርሳሱን አንስተው።

እርሳሱን ከእጃቸው ላይ ላፍ አደረገችው። «እንዴ፣ አባባ! ሁለተኛ ሊያስቆነጥጡኝ ነው?»