ትሰናበተው

ሰፈሩ «እመ በረት» ይላታል። ከባሏ ጋር የሥጋ ከብት ታረባለች። የቀኝ ጆሮዋ ጫፍ ታጠፍ ያለ ነው፤ ባሏ ሲቀልድ «የማትፈልጊው ወሬ እንዳይገባ ነው» ይላታል።

ላም ስትጨነግፍ እመ በረት አንድ ደንብ ነበራት። የሞተውን ጥጃ ማንም አያነሳም። እናቲቱ ታሸተዋለች፣ ትልሰዋለች፤ በቃኝ ብላ ራሷ ፊቷን ስታዞር ብቻ ይቀበራል። «ተዋት፣ ትሰናበተው» ትላለች በሩን ደገፍ ብላ። ጎረቤቶቿ «ነገ ቢላዋ ለሚጠብቀው ጥጃ ዛሬ ለቅሶ!» እያሉ ይስቁባታል። ይሳቁ፤ ደንቡ ከየት እንደመጣ የት ያውቃሉ?

የመጣው ከማዋለጃ ክፍል ነው። የመጀመሪያም የመጨረሻም ልጇ ሳያለቅስ ተወለደ። አዋላጇ በጨርቅ ጠቅልላ ይዛው ወጣች፤ «ባታዪው ይሻልሻል» ብላ። የቀበረው ባሏ ነው። ከዚያ ወዲህ ባልና ሚስት ስለ መኖው፣ ስለ ዝናቡ፣ ስለ ጎረቤት አጥር ሲያወሩ ይውላሉ፤ ስለዚያ ልጅ ግን አንድም ቀን ትንፍሽ ብለው አያውቁም።

ዘንድሮ ከገበያ የገዟት ዳለቻ ጨነገፈች። እመ በረት እንደ ደንቧ ትታት ቆመች። ሌሎቹም ላሞች ተሰብስበው አሸተቱ፣ ላሱ። «እዩልኝ፣ እነሱም ሊያስተዛዝኗት!» አለች።

ብዙም ሳይቆይ ቡሬ ጨነገፈች። ቀጥሎ ሌላዋ። ይሄኔ ባሏ የእንስሳት ሐኪሟን ጠራ።

ሐኪሟ ከሁሉም ደም ወስዳ ሄደች፤ ውጤቱን ይዛ ስትመለስ ፊቷ አልተፈታም።

«ተላላፊ በሽታ ነው እትዬ» አለች። «የሚጋባው ከጭንጋፉ፣ ከእንግዴ ልጁና ከሽርት ውሃው ነው። ሌላ ላም ከላሰችው አለቀ።»

እመ በረት ክው አለች። «ከላሰችው?»

«አዎ። ወዲያው መነሳት አለበት። በባዶ እጅ ግን እንዳትነኩት፣ ሰውንም ይይዛል። የታመሙትንም ለብቻ አድርጓቸው።»

በገዛ እጇ ነው የጨረሰቻቸው፤ ያውም በደግነት። ባሏን ቀና ብላ አየችው። እሱ ገመድ አንስቶ የታመሙትን ሊለይ ሄደ። ቢሰድባት ይሻላት ነበር።

የታመሙት ተለዩ። ጤነኛ ከተባሉት መካከል ቀይ ነበረች፤ እናቷ ስትሞት እመ በረት በጡጦ ያሳደገቻት። ሆዷ ገፍቷል። «እሷን ብቻ አትንካብኝ» እያለች እመ በረት ጠዋት ማታ ፈጣሪዋን ለመነች።

አንድ ጠዋት መኖ ይዛ ስትገባ ቀይ መሬት ላይ ተኝታ አገኘቻት። በሽታው ለካ ተደብቆ ቆይቷል። ጥጃው ሞቶ ወጣ። ቀይ እንደምንም ተነስታ ዞረች፣ ምላሷንም አወጣች። ሌሎቹ ላሞች አንገታቸውን አስግገው እየቀረቡ ነበር።

እመ በረት ጓንቷን እስከ ክርኗ ስባ አጠለቀች። ጥጃውን በላስቲክ ጠቅልላ አቀፈችና ወጥታ በሩን ከኋላዋ ዘጋች። ቀይ እስከ በሩ ተከተለቻት። አፍንጫዋን በፍርግርጉ አሾልካ «እምቧ» አለች፤ ደግማ «እምቧ» አለች።

«ባታዪው ይሻልሻል» አለቻት እመ በረት።

ቃሉ ከአፏ ከወጣ በኋላ ነው የማን እንደሆነ ያወቀችው። ጥጃውን እንዳቀፈች ባሏ ጉድጓድ ወደሚቆፍርበት ሄደች። ጥጃውን አስገቡ፣ ኖራ ነሰነሱበት፣ አፈር መለሱበት። ቀይ አሁንም ትጣራለች።

«አይተኸው ነበር?» አለች እመ በረት።

ባሏ የቱን ብሎ አልጠየቀም። አካፋውን አቆመና ተደገፈው።

«ጨርቁን ገልጬ አይቼዋለሁ።»

«ማንን ይመስላል?»

«ቁርጥ አንቺን። ጆሮው ሳይቀር። የቀኙ፣ ጫፉ ታጠፍ ያለ ነበር።»

«ምነው ታዲያ እስከ ዛሬ...»

«እስክትጠይቂኝ ስጠብቅ ነው» አለ።

እመ በረት ጓንቷን አወለቀች። ቧንቧው ጋ ሄዳ እጇን በሳሙና ደጋግማ ታጠበች። ከዚያ ወደ በረቱ በር ተመለሰችና ያቺን የታጠፈች ጆሮዋን በጣቶቿ ይዛ፣ ቀይ እስኪበቃት ድረስ አብራት አለቀሰች።