ሰማያዊው ሳር

«ገነትን አይቶ ነው የሄደው» አሉ እትዬ ወለተማርያም፣ አዲስ ለቀስተኛ በገባ ቁጥር እንደሚሉት። «ሆስፒታል አጠገቡ ነበርኩ። ‹ሰማያዊው ሳር› ብሎ ነው ዓይኑን የከደነው። የዚህ ዓለም ሳር መች ሰማያዊ ይባላል?»

ለቀስተኞቹ አማተቡ። ፅዮናዊት ፍራሿ ላይ እንደተቀመጠች፣ ጉሮሮሽን አርጥቢ ብለው የሰጧትን ውሃ ሳትጠጣ በእጇ ይዛለች። ባሏ ልደቱ ጻድቅ መባሉ አልከፋትም። የከፋት ሌላ ነው። ይህን ሁሉ ዘመን አብረው ኖረው፣ እጁን ይዛው ሳለ ስለ ሰማይ ቤት ሲናገር ለእሷ አንዲት ቃል አልተረፈውም።

ልደቱ ሀራሙስ በሚባለው የሀብታሞች ሰፈር የአንድ ቪላ አትክልተኛ ነበር። አንድ ቀን ከዚያ በቆርቆሮ የሩቅ አገር የሜዳ ሳር ይዞ መጣ፤ ለጌጥ የሚተከል ነው አለ። እነሱ በሚኖሩበት ሰፈር፣ ካርቲየ ሰባት፣ ጠባብ ግቢያቸው ውስጥ ቧንቧው ጥግ ተከለው። ፅዮናዊት ከሩቅ አይታ «ሽበቶ» አለችው። ሳሩም ስሙም ጸደቁ።

«ፍየል እንኳ ለማይቀምሰው ሽበቶ የምንጠጣውን ውሃ ታፈስለታለህ?»

«እስኪ ጠጋ ብለሽ እይው፤ ሽበት አይደለም» ይላታል እየሳቀ። ጠጋ ብላ አይታው አታውቅም።

ጎረቤቷ ማይሙና ከግቢው አንገቷን አስገባች። ነገ ሰልስት ስለሆነ አግዳሚ ወንበር እየደረደረች ነበር።

«ፅዮን፣ ቦታ ጠበበን። ቧንቧው ጋ ያለውን ሳር ልንቀለው? ጠውልጓል ደግሞ።»

«የቱን ሳር?»

«ልደቱ የሚያጠጣውን ነዋ። ሰማያዊውን።»

ፅዮናዊት ቀና አለች። «ሰማያዊ ነው ብሎሽ ነው?»

«ምን ይለኛል? ዓይን የለኝም እንዴ?»

ፅዮናዊት ብርጭቆዋን እንደያዘች ተነሳች። ሊደግፏት የተነሱትን ሴቶች አልፋ ወጣች፤ ቧንቧው አጠገብ ቁጢጥ አለች። ልደቱ ከታመመ ወዲህ ለሳሩ ውሃ ያሰበለት የለም። ጫፉ ደርቋል። ወደ ሥሩ ግን ቅጠሉ ሰማያዊ ነው። ልደቱ አደራ ሊላት ነበር፤ የተናገረው ለእሷ ነበር። ያን ጊዜ ገና አለቀሰች።

«ልንቀለው?» አለች ማይሙና ከኋላዋ ቀስ ብላ።

«ተዪው። ወንበሩ ውጭ ይሁን።»

ከጠዋት ጀምሮ አልጠጣም ያለችውን ውሃ ግማሹን ሥሩ ላይ አፈሰሰች። የቀረውን ጠጣች።