የሮብላዳ ከተማ ትደግፋለች

ኦክታቪዮ ሌደስማ ሥራው ምን እንደሆነ ሲጠየቅ መልስ የሚያጥረው ሰው አልነበረም። «ሳክራሜንቶ ያሉት ሕግ አውጪዎች ድስት ሲጥዱ፣ ሮብላዳን እንዳያቃጥላት እሳቱን የማየው እኔ ነኝ» ይል ነበር። ትንሽ ጉራ አለበት፤ ውሸት ግን የለበትም። በየዓመቱ ከክፍለ ግዛቱ ሕግ አውጪዎች ዘንድ የረቂቅ ሕግ መዓት ይወጣል። ከዚያ ውስጥ ከተማዋን የሚነካውን ለቅሞ ለከተማው ምክር ቤት ማቅረብ፣ ምክር ቤቱ «እንደግፋለን» ወይም «እንቃወማለን» ሲል ደግሞ ያንን ቃል ይዞ የክፍለ ግዛቱ ዋና ከተማ ሳክራሜንቶ ድረስ መሄድ የእሱ ድርሻ ነው። ሃያ ዓመት ሊሞላው ነው በዚህ ሥራ። ከሌሎች ከተሞች የሚመጡ ጀማሪዎችን የሚያሠለጥነውም እሱ ነበር።

ለጀማሪዎቹ በመጀመሪያ የሚነግራቸው ነገር አንድ ነው፦ የረቂቅ ሕግን ቁጥር አትመኑ። ሳክራሜንቶ ውስጥ የቆየ ልማድ አለ። የሕግ አውጪዎቹ የሥራ ዘመን ሊያልቅ ሲል ረቂቁን ያቀረበው ሰውዬ የጽሑፉን ሆድ ዕቃ አውጥቶ ይጥልና ሌላ ይሞላበታል፤ ቁጥሩ ግን ያው ነው። ጆንያው ያው፣ እህሉ ሌላ። «ስለዚህ» ይላል ኦክታቪዮ ጣቱን ቀስሮ፣ «ውይይቱ በሚደረግበት ቀን ጠዋት እንደገና ሳታነቡ ከቤት እንዳትወጡ!»

በዚያ የነሐሴ ጠዋት ኦክታቪዮ ሳያነብ ከቤት ወጣ።

በእርግጥ ሰበብ ነበረው። በአንድ ጠዋት ሦስት ረቂቅ ሕጎች በሦስት የተለያዩ አዳራሾች ይታዩ ነበር፤ የውሃው፣ የመንገዱ፣ የተጎታች ቤቶቹ። የውሃውን አነበበ፤ የመንገዱንም አነበበ። የተጎታች ቤቶቹን ግን እንደ አባታችን ሆይ ነበር የሚያውቀው። ያደገው እንዲህ ያሉ በመኪና ተጎትተው የመጡ ቤቶች በተደረደሩበት የሮብላዳ መንደር ነው። የመንደሩ ሰዎች ቤቱ የራሳቸው ነው፤ ቤቱ የተቀመጠበት መሬት ግን የባለሀብት ነውና በየወሩ ኪራይ ይከፍላሉ። ረቂቁ ባለሀብቱ መሬቱን መሸጥ ሲፈልግ በመጀመሪያ ለነዋሪዎቹ እንዲያቀርብ የሚያስገድድ ነበር። በሚያዝያ የከተማው ምክር ቤት ድጋፉን በሙሉ ድምፅ ሲያጸድቅ የመንደሩ ሰው ዶኛ፣ እመት እንደማለት፣ የሚላት አሮጊቷ ኤርሚንያ ተነሥታ ኦክታቪዮን በሰው ፊት ግንባሩን ሳመችው። የሟች እናቱ ጎረቤትና የልብ ወዳጅ ነች፤ እናቱ ማታ ማታ ፋብሪካ ስትሠራ ያበላችውም ያስተኛችውም እሷ ነች።

ያን ቀን ጠዋት በአዳራሹ መተላለፊያ ያገኛት ከሃያ ከሚበልጡ የመንደሩ አረጋውያን ጋር ነው። ሁሉም ቢጫ ካናቴራ ለብሰዋል። በአውቶቡስ ገና ጎህ ሳይቀድ ተነሥተው ነው የመጡት።

«ታቪዮ! ክራባት ስታስር ሙሽራ ትመስላለህ እኮ። የጠፋችው ሙሽሪት ብቻ ናት!»

«ዶኛ ኤርሚንያ! እርስዎን ደግሞ ምን አመጣዎት? እኔ እያለሁ?»

«አንተ ብትኖርም እኛ ብንበዛ አይሻልም? እነዚህ ሰዎች ጉድ ሠርተውናል አሉ እኮ፣ ልጄ።»

ምን ጉድ? ብሎ መጠየቅ ነበረበት። አንድ ጥያቄ ብቻ። ግን በላይኛው ፎቅ የውሃው ረቂቅ ተጠርቶ ነበርና «አይዞዎት፣ አንድ ላይ ነን!» ብሏት ደረጃውን በሩጫ ወጣ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል። እሱ ያፈሰሰውን የሚለቅምበት ዕድል እንኳ ማግኘቱ አጠራጣሪ ነው።

ሲመለስ የተጎታች ቤቶቹ ረቂቅ በሚታይበት አዳራሽ የደጋፊዎች ሰልፍ ወደ ማይክሮፎኑ እየተንቀሳቀሰ ነበር። ረቂቁን የሚመረምረው የሕግ አውጪዎቹ ኮሚቴ ሥርዓት ለሁሉም አንድ ነው፤ መጀመሪያ ደጋፊ ይሰለፋል፣ ቀጥሎ ተቃዋሚ። የሚነገረውም ስም፣ ከየት እንደመጡ፣ ከዚያ ድጋፍ ወይም ተቃውሞ ነው። ከዚያ ቃል የጨመረ በሰብሳቢዋ ይቆረጣል። ኦክታቪዮ እያለከለከ ከሰልፉ መጨረሻ ገባ። ከፊቱ ያለው ሽቶ የነሰነሰ ሰውዬ «የተጎታች ቤት መንደር ባለሀብቶች ማኅበር፣ እንደግፋለን» ሲል ኦክታቪዮ በልቡ ሣቀ። እነዚህም ተሸነፉ ማለት ነው! አለ። ሰው ራሱን ሊያታልል ሲነሣ የሚያግዘው አያጣም።

ከዚያ ተራው ደረሰ። ድምፁን ሞረደ።

«ኦክታቪዮ ሌደስማ፣ የሮብላዳ ከተማ፣ እንደግፋለን።»

ሰብሳቢዋ ቀና አለች። ባለ ሽቶው ሰውዬ ትከሻውን ቸብ አድርጎ «ከእናንተ አልጠበቅንም ነበር፤ እናመሰግናለን» አለው። ከኋላ ወንበሮች ግን አንድም ቢጫ ካናቴራ አላጨበጨበም። ሰብሳቢዋ «ተቃዋሚዎች» ስትል ሁሉም አንድ ላይ ብድግ አሉ። ምስኪኖች፣ ሰልፍ ተሳሳቱ ብሎ አሰበ፤ ከሩቅ ሆኖ በእጁ «ተመለሱ፣ ተቀመጡ» እያለ ምልክት ሁሉ ሰጣቸው። ማንም ፈገግ አላለለትም። ያኔ ነው ስልኩን አውጥቶ ረቂቁን የከፈተው።

የሚያውቀው ጽሑፍ ከላይ እስከ ታች ተሰርዟል። በምትኩ አዲስ አንቀጽ ገብቷል፦ ከዚህ በኋላ ማንኛውም ከተማ በተጎታች ቤት መንደሮች የመሬት ኪራይ ጭማሪ ላይ ገደብ ማድረግ አይችልም። ሮብላዳ ገደብ ያላት ከተማ ናት። እነዚያን አረጋውያን በጡረታቸው እስካሁን እዚያ ያኖራቸው ያ ገደብ ነው።

ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው፤ ግን ይኸኛው ገና ሊመለስ ይችል ነበር። የተቃዋሚዎቹ ሰልፍ መጨረሻ ከቆመበት ቅርብ ነው። ከቢጫዎቹ ኋላ ተሰልፎ «ተሳስቻለሁ፣ አላነበብኩትም» ቢል በቃ። ነገር ግን ውይይቱ በቀጥታ ይተላለፋል፤ ከንቲባዋ ታያለች፣ ያሠለጠናቸው ልጆች ያያሉ። ስልክ የተደወለለት መስሎ ስልኩን ጆሮው ላይ ለጥፎ ከአዳራሹ ወጣ። ማንም አልደወለለትም።

መተላለፊያው ላይ የአዳራሹን ውስጥ የሚያሳይ ቴሌቪዥን አለ። ዶኛ ኤርሚንያ ማይክሮፎኑ ጋ ስትደርስ ያያት በዚያ ነው። ማይክሮፎኑ ስለረዘመባት በእግር ጣቶቿ ቆመች።

«ኤርሚንያ ባራሶ፣ ከሮብላዳ፣ እቃወማለሁ። ደግሞ፣ እመቤቴ፣ ያ ከከተማው የመጣው ልጅ የእኛ ነው። ሰልፍ ተሳስቶ ነው። አስተካክሉለት።»

«ስም እና አቋም ብቻ፣ እባክዎ» አለች ሰብሳቢዋ። ከዚያ ግን ወረቀቷን አይታ ቆም አለች። «የሮብላዳ ከተማ ተወካይ አዳራሹ ውስጥ አሉ? ስሕተት ከሆነ መጥተው ያርሙ።»

ዶኛ ኤርሚንያ ዞር ብላ በወንበሮቹ መሐል ፈለገችው። «አሁን እዚሁ ነበር» አለች። «ይመጣል። ትንሽ ጠብቁት። እጃችን ላይ ያደገ ልጅ ነው።»

የኦክታቪዮ እጅ የበሩን እጀታ ይዟል። መግፋት ብቻ ነበር የቀረው። ሰብሳቢዋ ጠበቀች፤ የምትጠብቀውን ያህል ጠበቀች፤ አሮጊቷም ፊቷን ወደ በሩ አድርጋ ጠበቀች። እጀታው ብረት ነው፣ እጁም ብረት ሆነ። «ወደ ድምፅ እንሂድ» የሚለውን ሲሰማ እፎይ እንዳለው ራሱ ታወቀው። ከሁሉ በላይ ያሳፈረው ያ እፎይታ ነው።

ረቂቁ ለማለፍ አንድ ድምፅ ጎደለው። በኮሚቴው ልማድ መዝገቡ ወዲያው አይዘጋም፤ ያልወሰነ አባል እስከ ስብሰባው ማብቂያ ድምፁን መጨመር ይችላል። ያልወሰነችው አንዲት የኮሚቴው አባል ብቻ ነበረች። ኦክታቪዮ በእረፍት ሰዓት ገብቶ ከዶኛ ኤርሚንያ ጎን ተቀመጠ።

«የት ገባህ? ፈለግንህ እኮ» አለችው በሹክሹክታ። «ሰልፍ ተሳስቶ ነው ብያቸዋለሁ። ሂድና ለዚያች ሴትዮ ንገራት።»

«ሰልፍ አልተሳሳትኩም፣ ዶኛ።»

«እና?»

«መለወጡን አላወቅኩም። አላነበብኩትም።»

ዶኛ ኤርሚንያ መነጽሯን አውልቃ በካናቴራዋ ጫፍ ጠራረገችው።

«ስትጠራህ ግን ሰምተሃል?»

«ሰምቻለሁ። በሩ ጋ ነበርኩ። አፈርኩ።»

«እኔ ስለ አንተ ስናገር አላፈርኩም» አለች። በክንዷ ገፋ አደረገችው፤ ተነሥቶ ሄደ።

ያልወሰነችው አባል ረዳት በትሕትና ሰማው። የከተማዋ አቋም በማይክሮፎን ተነግሯል፤ ሰብሳቢዋ እንዲያርሙ ጠርታለች፤ ማንም አልቀረበም። አሁን ለመለወጥ ከከተማው ምክር ቤት የወጣ ውሳኔ ይዘው ይምጡ አለው። መዝገቡ ሊዘጋ ሲል ሴትየዋ «ኪራይ ላይ ገደብ ያላት ከተማ ራሷ ከደገፈች እኔ ምን ከልካይ ነኝ» ብላ እጇን አወጣች። ረቂቁ አለፈ። በሕግ አውጪዎቹ ሙሉ ጉባኤ ገና ድምፅ ይሰጥበታል፤ ከተማዋም ከዚያ በፊት ቃሏን ማረም ትችላለች። ኦክታቪዮ ይህንን ለራሱ ደጋግሞ ነገረው፤ ምንም አላጽናናውም።

አውቶቡሱ ጥላ ሥር ቆሞ ነበር። አረጋውያኑ አንዱ የአንዱን ክንድ እየደገፈ ሲሳፈር ኦክታቪዮ በሩ አጠገብ ቆመ፤ መሄድም አልቻለ፣ መቆምም አላማረበት። ዶኛ ኤርሚንያ ቀረብ ብላ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች።

«ለእነሱ ሰልፍ ተሳስቶ ነው ብያለሁ። አንተም እንደዚያው በል።»

«እውነቱን ልንገራቸው፣ ዶኛ። ይገባቸዋል።»

«ለማን ብለህ? ልብህ እንዲቀልልህ?» ዓይኑን አየችው። «ሰኞ ተመልሰው ቢሮህ ነው የሚመጡት። ሌላ የሚሄዱበት የላቸውም። ተሳሳተ ካሉህ ይመጣሉ፤ ናቀን ካሉህ እቤታቸው ይቀመጣሉ። እኔ ለብቻዬ ባውቀው ይበቃል።»

የመጨረሻው ተሳፋሪ ዶን ቼማ ነበር፤ በከዘራ የሚሄድ፣ በሕይወቱ ቀልድ ያላለቀበት ሽማግሌ። የኦክታቪዮን አንገት አቅፎ ወደ ራሱ ሳበው።

«ምን አንገትህን ትደፋለህ፣ አንተ ልጅ? ሰልፍ መሳሳት ማንም ላይ ይደርሳል። እኔ በወጣትነቴ የማላውቃትን ሴት ልቀብር ለቀስተኛ መሐል ተሰልፌ መቃብር ድረስ ሄጃለሁ፤ አልቅሻለሁም! ሰልፉ ነው አይደል ያሳሳተህ?»

ዶኛ ኤርሚንያ ከአውቶቡሱ ደረጃ ላይ ሆና ታየው ነበር።

«አዎ፣ ዶን ቼማ» አለ ኦክታቪዮ። «ሰልፉ ነው።»

«ይኸው! ብያቸው ነበር» አለ ሽማግሌው፤ ጉንጩን መታ መታ አድርጎለት እየሣቀ አውቶቡሱ ላይ ወጣ።